በምላጭ የተፋቀችው ብርሃን

አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት አነሳሁ። ለፓስፖርት፣ ለመታወቂያ፣ ለሠርግ። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኋላ እዚህ ናይሮቢ መሃል ከተማ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል። ከዚያ ሁሉ ፎቶ አንዱም የእኔ አይደለም። ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል፣ በቃ።

ፎቶ የሚያነሳ ሞባይል በመጣበት ሰሞን ሐኪሙ «ቀኝ ዓይንህ አብቅቶለታል፣ ግራውም ይከተላል» አለኝ። ግንብ ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት ያኔ ነው። ዓይኔ ሳይጠፋ የራሴ የምላት አንዲት ፎቶ ላስቀር፣ ሌላ አልፈለግሁም። ሕንጻውን በሙሉ አይደለም የማነሳው። ጠርዙን፣ የደረጃውን መታጠፊያ፣ ጥላ የቆረጠውን ሲሚንቶ። በጣም ቀርበህ ስታነሳው ሕንጻነቱ ይጠፋና መስመርና ጥላ ብቻ ይቀራል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ እኔ ፊደል ቆጥሬ የተውኩ ሰው ነኝ።

ከሱቄ ጀርባ አንድ አሮጌ ፎቅ አለ። ከደረጃው ሥር ያለው ግድግዳ ዓመቱን ሙሉ ጥላ ነው። በዓመት ለጥቂት ቀን ብቻ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በፊት ለፊቱ ሕንጻዎች ክፍተት ትሾልክና እንደ ክር የቀጠነች ብርሃን ትወርድበታለች። አንዱን ዓመት ደመና ሆነ፣ አንዱን ታመምኩ። በሦስተኛው ካሜራዬን ተክዬ ቆምኩ።

«ምዜ፣» አለኝ የበሩ ጠባቂ በስዋሂሊ፣ ሽማግሌው ማለቱ ነው፣ «ምን ልታነሳ ነው? እዚህ ሰው የለም እኮ!»

«ስለሌለ ነው የመጣሁት።»

ሳቀብኝ። አንድ ጊዜ አነሳኋት፤ ለሁለተኛው ስዘጋጅ ጠፋች። በዚያው ዓመት ክፍተቱ ላይ አዲስ ፎቅ ተሠራ። ፀሐይም ቀረች።

ፊልሙን አጥቤ ኔጋቲቩን ጠረጴዛ ላይ ተውኩትና ሐበሻ ወደሚበዛበት ሰፈር፣ ሁርሊንግሃም ሄድኩ። አንዲት ባለ ምግብ ቤት ግድግዳዋ ላይ ትሰቅልልኝ እንደሆነ ልጠይቅ።

«አባባ፣ ሰው የሌለበትን ፎቶ ማን ያያል?» አለች። ደግሞ ራራችልኝ መሰል፣ «እስቲ ያምጡት።»

ስመለስ ጓደኛዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ኤርትራዊ ነው፤ አዲስ አበባ አንድ ፎቶ ቤት አብረን ሠርተናል። እኔ አነሳለሁ፣ እሱ ኔጋቲቩን በእርሳስና በምላጭ ያስተካክላል። ስንቷን ሙሽራ ከፈንጣጣ ጠባሳ ገላግሏታል! አሁን ያን ሥራ ኮምፒውተር ወስዶበት እኔ ጋ ይውላል።

«ና እየው» አለኝ ደስ ብሎት። «ካሜራህ ብርሃን ያስገባል መሰለኝ፣ ኔጋቲቩ ላይ መሃል ለመሃል ጥቁር ጭረት ጥሎብህ ነበር። አጸዳሁልህ።»

ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት። ያቺ የብርሃን ክር የለችም።

«ምን አደረግህ አንተ?»

«ምነው? የፋቅሁት ይታያል እንዴ?»

አይታይም። እጁ ዛሬም እንደዚያው ነው።

«ፎቶዋ እሷ ነበረች» አልኩት።

«የቷ?»

«የፋቅሃት።»

ምላጩን በወረቀቱ ጠቀለለው። «አንተ ሰው፣ ዕድሜህን ሙሉ እንዲህ ያለውን አጥፋልኝ ስትለኝ አልነበር?» አለ።

ብዬዋለሁ።

ባለ ምግብ ቤቷ ዘንድ አልተመለስኩም። ጓደኛዬ በማግስቱ ምላጩን ሳይዝ ባዶ እጁን መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የቀሩትን የግንብ ኔጋቲቮች ከነሣጥናቸው አወጣሁና ፊቱ አስቀመጥኩ።

«ምን ላድርጋቸው?»

«ያሻህን» አልኩት። ዓይኔ እንደሆነ ከእንግዲህ ብርሃንን ከጭረት አይለይም።