ጨው የላሰ በግ

የበግ ጥርስ አይቼ ዕድሜውን እናገራለሁ። የገዢን ዓይን አይቼ ስንት እንደሚጨምር እናገራለሁ። እንግሊዝኛ ላይ ግን እኔው በግ ነኝ።

በሃምሳ ዓመቴ አሥራ አንደኛ ክፍል ገባሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሸጎሌ ያለውን የበግ ተራዬን ለወንድሜ ትቼ፣ ካፖርቴን አውልቄ፣ እጄን ሁለቴ በሳሙና ታጥቤ፣ በሚኒባስ ወደ ቁስቋም አቅጣጫ እወጣለሁ። ክፍሉ የትልልቅ ሰዎች ነው፤ ሹፌር አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ልብስ ሰፊ አለች። ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡት መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን።

እትዬን የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኋቸው። ለፋሲካ በግ ሸጬላቸዋለሁ። እሳቸው አላወቁኝም፤ በበዓል ገበያ የነጋዴ ፊት ማን ያያል? ሰው የሚያየው በጉን ነው። እኔም ዝም አልኩ። ያን በግ ማታውን ጨው አልሼ፣ ጠዋት ውሃ አጠጥቼ፣ ሆዱን እንደ ከበሮ አስነፍቼ ነበር ያቀረብኩላቸው። አሁን ደግሞ ቃል ሲጠፋኝ በክርናቸው ጎሸም አድርገው በሹክሹክታ የሚያቀብሉኝ እሳቸው ሆኑ። ያለ እሳቸው የመጀመሪያውን ፈተና አላልፍም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ማጣት አልፈልግም።

አንድ ቅዳሜ መምህሩ፣ ልጄ የሚሆን ጎረምሳ፣ አንድ አጭር ልብ ወለድ አስነበበንና "አሁን እናንተ ለማንም ያልነገራችሁትን አንድ እውነት ጻፉ" አለ። "በእንግሊዝኛ። ስልክ የለም፣ መዝገበ ቃላት የለም። ዝርዝር ላለው ማርክ እጨምራለሁ።"

ልዋሽ አሰብኩ። ግን ለውሸት ብዙ ቃል ያስፈልጋል። በአማርኛ ቢሆን ገጹን በሞላሁት፤ በእንግሊዝኛ ያለኝ በግ፣ ጨው፣ ውሃ፣ ሴት፣ ደስታ ነው። በእነሱው ጻፍኩ። ማርኩ አጓጓኝና በጉ ቡኒ መሆኑን፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ እንደነበረውም ጨመርኩ። የሚያነበው መምህሩ ብቻ መስሎኝ ነው።

"በሉ፣ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ተለዋወጡ። የጓደኛችሁን ጮክ ብላችሁ ታነባላችሁ።"

ከኋላዬ ወዳለው ሹፌር ዞሬ "ከእኔ ጋር ተለዋወጥ፣ በናትህ" አልኩት።

"ያንተን ጽሑፍ ማን ያነበዋል? የሐኪም ማዘዣ!" ብሎ ሳቀብኝ።

ስመለስ ወረቀቱ እትዬ እጅ ገብቷል።

ተነስተው ቆሙ። እያንዳንዱን ቃል እንደ እንቁላል ቀስ ብለው እያስቀመጡ ያነባሉ። "በግ ሸጥኩ። ጨው ሰጠሁት። ብዙ ውሃ ጠጣ።" ክፍሉ ሳቀ። "ሴትየዋ ደስ አላት። እኔም ደስ አለኝ። በጉ ደስ አላለውም።" ሳቁ ባሰ። ነጩ ነጥብ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አስተካከሉ። እኔ ዴስኩ ላይ የተቀረጸውን የማላውቀውን ሰው ስም አጠናለሁ። ከዚያ ነጥቡንም አነበቡት፤ አንዲት ቃል አልዘለሉም።

"በጣም ጥሩ!" አለ መምህሩ። "እርስዎ ምን ይመስልዎታል? ሴትየዋ በኋላ ምን ሆነች?"

እትዬ በእንግሊዝኛ መለሱ። እንደዚያ ቀን አጥርተው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። "እንግዶች ነበሯት። ሥጋው አነሰ። ለሁሉም እንዲዳረስ አሳንሳ ከተፈችው። እሷ ጠግቤያለሁ አለች።"

ማንም አልሳቀም። መምህሩ ብቻ "ምናብ ማለት ይሄ ነው!" ብሎ አጨበጨበ። የእኔ ወረቀት ላይ ግን "መጨረሻ የለውም፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ ምን አደረገ?" ብሎ ጽፎበት፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ጨርሼ እንዳመጣ አዘዘኝ።

ከክፍል ስንወጣ ቁልቁለቱን ከኋላ ከኋላቸው ወረድኩ።

"እትዬ፣ እኔ... ማለቴ..."

"ይቅርታ በእንግሊዝኛ እንዳትለኝ" አሉ ሳይዞሩ። "ለገና በግ እፈልጋለሁ።"

"እኔ ራሴ መርጬ ቤትዎ ድረስ አመጣለሁ። በነፃ።"

"ነፃ አልፈልግም። ገበያ መጥቼ፣ እንደ ሰው ተከራክሬ ነው የምገዛው። ውሃ መጠጣቱን ግን አንተን አልጠይቅም፤ በጉን ራሱን እጠይቀዋለሁ።"

ሚኒባሱ መጣ። ገብተው ተቀመጡና ቦርሳቸውን ከጎናቸው ያለው ወንበር ላይ አኖሩት። ሌላ ባዶ ቦታ የለም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቦርሳውን አያለሁ።

"ግቡ እንጂ፣ አባት!" ብሎ ጮኸ ረዳቱ።

እትዬ በመስኮቱ ውጪ ውጪውን ያያሉ። ትንሽ ቆዩና፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ ቦርሳውን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት።