ከመንገዱ በላይ አንድ ሜትር ውኃ

በግድቡ ሠፈር ሴትዮዋን በስሟ የሚጠራት የለም። ሜትር ነው የሚሏት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው የጎማ ቦቲዋን ተጫምታ ወደ ውኃው ዳር ትወርዳለች። እዚያ ቁጥር የተቀባበት የመለኪያ ምሰሶ ቆሟል። ውኃው የደረሰበትን አንብባ፣ በደብተሯ ጽፋ፣ ሽቅብ ትመለሳለች። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «ሜትር፣ እንዴት አደረ?» ይላታል። የሚጠየቀው ውኃው ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ «እኔን ግን እንዴት አደርክ የሚለኝ የለም፤ ሐይቅ ላይ ነው የተዳርኩት» እያለ ያስቃት ነበር።

ሐይቁ ሐይቅ ከመሆኑ በፊት ሸለቆ ነበር። በሸለቆው መሀል ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዙ የሁለት ግዛቶች ወሰን ነው። ወሰን ይባል እንጂ ድልድይ ነበረው። ሰዉ ወዲህ ተወልዶ ወዲያ ያገባል፣ ወዲያ አርሶ ወዲህ ይሸጣል። እሷ ሰባት ዓመት ሲሆናት የግድቡ በር ተዘጋ። ውኃው እንደፈራችው እየጮኸ አልመጣም፤ እያሳሳቀ ነው የመጣው። ሰኞ የሽንኩርቱን መደብ ነካ። ሐሙስ የደጃቸውን ድንጋይ ላሰ። አባቷ የቤታቸውን መዝጊያ ከማጠፊያው ነቅሎ በጀርባው አዝሎ ዳገቱን ሲወጣ፣ እሷ ቁልፉን በመዳፏ ጨብጣ ከኋላ ከኋላው ተከተለችው።

ወንዙ ሲሰጥም ወሰኑም አብሮ ሰጠመ። ከሁለቱም ግዛቶች ቀያሾች መጡ፤ ቀናት ሙሉ በጀልባ ሲዞሩ ከረሙ፤ በመጨረሻ ቢጫ በርሜሎችን በሰንሰለት ከድንጋይ ጋር አስረው ውኃው ላይ አሰለፉና «ወሰኑ ይኸውላችሁ» ብለው ሄዱ። ነፋስ በበረታ ቀን በርሜሎቹ ይንሸራተታሉ። የሁለት ግዛት ወሰን ሲወዛወዝ ማየት የፈለገ ዛሬም ዳሩ ላይ ቆሞ ማየት ይችላል።

የድሮው አስፋልት መንገድ እስከ አሁን አለ። ከሠፈሩ ቁልቁል ይወርድና ውኃው ውስጥ ይገባል። ነጩ የመሀል መስመር ጥቂት እርምጃ ያህል ከውኃው ሥር ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ፣ ነገር ጀምሮ እንደተወ ሰው፣ ይጠፋል። ሜትር ግን የት እንደሚሄድ ታውቃለች። በአንድ ዝቅተኛ የመሬት ጀርባ ላይ አልፎ ወደ ጉብታው ይወጣል። ጉብታው ዛሬ ደሴት ነው። ድሮ የአያቷ አውድማ ነበር።

ወደዚያ አውድማ ማንም ሳይጠራቸው እንግዶች መጡ። በመጀመሪያው ዓመት እንቁራሪቶች፣ በሁለተኛው ዳክዬዎች። ቀጥሎ ዓሣው በዛና በሰጠሙት ዛፎች ጫፍ ላይ ንስር ተቀመጠ። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት አንድ ማለዳ፣ ከምንቃራቸው ሥር ከረጢት ያንጠለጠሉ ትልልቅ ነጭ ወፎች ሰማዩን ሞልተው ወረዱ። ፔሊካን እንደሚባሉ የተማሩት ይናገራሉ፤ ሠፈሩ ባለከረጢት ይላቸዋል። በዚያ ቀን ሜትር ቁጥሩን ማንበብ ረስታ፣ አፏን ከፍታ ቆማ ቀረች። ሰው የተነቀለበትን ቦታ ወፍ ቤቴ ብሎ ሲይዘው ማየት ምን ዓይነት ነገር ነው? ለቅሶም ሳቅም ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት በድርቅ ውኃው ወርዶ አሥራ ሦስት ሜትር ላይ ደረሰ፣ ከዚያም በታች ሆነ። እሷ «አሥራ ሁለት ከዘጠና» ብላ ጻፈች። መንገዱ ከውኃው ብቅ ሲል፣ ነጩ መስመር እስከ ደሴቷ ተዘርግቶ ሲታይ፣ አየች። ምንም አላለችም። ሥራዋ ማንበብ ነው። በማግስቱ ጠዋት ደሴቷ ላይ የነበረው ላባ ብቻ ነበር። ቀበሮዎቹ አስፋልቱን ይዘው፣ እግራቸው እንኳ ሳይረጥብ፣ ሄደው ተመልሰዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያኔ ለሰው ሁሉ ተናገረች፤ የሰማት ግን እየተገረመ ወደ ሥራው ሄደ። ባለከረጢቶቹ ለአምስት ዓመት ደሴቷን ረግጠው አላዩም፤ የተመለሱት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ በዚህ ዓመት በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ «ለዋናው በር ጥገና ውኃው ወደ አሥራ ሁለት ሜትር ተኩል ዝቅ ይላል» የሚል ማስታወቂያ ስታይ ቀኑን በጣቷ ቆጠረች። ሥራው የሚጀመረው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ወፎቹ ደግሞ እንቁላል ላይ ናቸው። ቀጥ ብላ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ኃላፊው ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ልጇ ቢሆን ይደርሳል።

«አለቃ፣ አሥራ ሁለት ተኩል አይሆንም። መንገዱ አሥራ ሦስት ላይ ነው ያለው።»

«የቱ መንገድ፣ እትዬ?»

ነገረችው። መንገዱን፣ ቀበሮውን፣ ላባውን። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ እስክትጨርስ ሰማት። ከዚያ ሁለት ፋይል አወጣ።

«ይኸው የእኛ የወፍ ቆጠራ፦ በደሴቷ ላይ ዜሮ። ይኸው የማዶው፦ ዜሮ። ሁለቱ ግዛቶች ተስማምተው የሚያውቁት በዚህ ብቻ ነው። ወፍ የለም!»

«በየቀኑ በዓይኔ በብረቱ አያቸዋለሁ እኮ!»

«እርስዎ ውኃ ነው የሚያነቡት። ቦርዱ የሚያየው ወረቀት ነው። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ይተዉት።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ውኃ ስለካ እንጂ ስወቅጥ ያየኝ የለም» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እንደ ወትሮው ስልክ ተደወለ። ከማዶው ዳር ሌላ ምሰሶ አለ፤ እሱን የሚያነብ ሌላ ሰው አለ። ደንቡ ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ አይጻፉ ይላል። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ተነጋግረዋል፤ ተያይተው ግን አያውቁም። ሰውየው በዕድሜ ስለሚበልጣት ጋሼ ትለዋለች። መሥሪያ ቤቱ ትንሽ ስለሆነ የማዶውን የወፍ ቆጠራም ደርቦ የሚሠራው እሱ ነው።

«አሥራ ስድስት ከአሥር» አለ፣ ግድግዳ በሚያንቀጠቅጥ ድምፅ።

«አሥራ ስድስት ከአሥር። ተስማማን። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባለከረጢቶቹን ለምንድን ነው ዜሮ የጻፍካቸው?»

«ዜሮ ስለሆኑ ነዋ!»

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትቆጥረው?»

«ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት።»

«በዚያ ሰዓት የት ናቸው?»

«እናንተ ደሴት ላይ ናቸዋ። ጎጇቸው ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ እንደ ሱቅ ተደርድሮ ይታየኛል።»

«ታዲያ ካየህ ለምን አልጻፍክም?»

«ምን ነካሽ እቴ? የእናንተ ናቸው! የሰው ወፍ ቆጥሬ በስሜ ላስመዝግብ? ነውር አይደለም እንዴ?»

ሜትር መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ የራሷ ወገን ቆጣሪ ትዝ አላት። እሱ የሚወጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጠዋት ጠዋት ወፎቹ በማዶው ዳር፣ ፀሐይ ባሞቀው ጥልቀት የሌለው ውኃ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። ጎጆዎቹንና የታቀፉትን ደግሞ ከወዲህ ዳር የጉብታው ጀርባና ቄጠማው ይከልላቸዋል።

«ጋሼ፣ የእኛም ቆጣሪ እንዳንተው ጨዋ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ጠዋት እናንተ ዘንድ ያያቸዋል፤ የሰው ናቸው ብሎ ይተዋቸዋል።»

ጋሼ በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማ።

«ወይ ጉድ!» አለ በመጨረሻ። «በጨዋነት ልንጨርሳቸው ነው!»

በዚያው ስልክ መከሩ። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጀልባ፣ ወሰኑ ላይ ሆነው አብረው ሊቆጥሩ። ፈቃዱን ለማግኘት ሜትር ኃላፊው በር ላይ ቆመች። «ይቀመጡ እንጂ» አላት። «እኔ ከተቀመጥኩ ጉዳዩም ይቀመጣል» አለችው። ሰው ሲገባ ዘወር እያለች፣ ሲወጣ እየተመለሰች እስከ ምሳ ሰዓት ቆመች።

«ቆጠራው የማን ነው ሊባል ነው?» አለ ኃላፊው፣ ብዕሩን እያሽከረከረ።

«ቅጹ ሁለት ነው፣ ማኅተሙም ሁለት ነው። ወፎቹ ግን አንድ ናቸው፤ እነሱን መክፈል አልቻልንም።»

ኃላፊው ሳይወድ ሳቀ፤ ፈረመ።

ታናሽ ወንድሟ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ጀልባው የሱ ነው። በቀጠሮው ቀን ቀዝፎ ወስዷት ከአንዱ ቢጫ በርሜል ጋር ገመዱን አሰረ። ከማዶ አንዲት ትንሽ ታንኳ መጣች፤ በውስጧ ጉልበቱ ላይ የሚደርስ ጃኬት የዋጠው አጭር ሽማግሌ ተቀምጧል። ሜትር ከኋላው ሌላ ሰው ፈለገች።

«ጋሼ? አንተ ነህ? ድምፅህ ብቻ ነው እንዴ የረዘመው?»

«አንቺስ! ሜትር ሜትር ሲሉሽ ቢያንስ ሁለት ሜትር መስለሽኝ ነበር» አለና ወደ ጀልባቸው ተሻገረ።

«እታለም» አለ ወንድሟ፣ «እኔ አሁን በየትኛው ግዛት ነኝ?»

«ፊትህ በእኔ፣ ጀርባህ በእህትህ» አለው ጋሼ። «አትንቀሳቀስ፣ ኬላ ታስጥሰናለህ።»

ቆጠራው እንደ ውኃው ልኬት ሆነ፦ ሁለቱ ቁጥር ካልተስማማ አይጻፍም። ሜትር ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጎጆ አለች፤ ጋሼ ሁለት መቶ አሥራ አራት። እንደገና። አሁን ደግሞ ተገላበጠ። ወንድሟ «እንቁላሉ እስኪፈለፈል እዚህ ልትቆዩ ነው?» እያለ አጉረመረመ። በሦስተኛው ሁለቱም በአንድ አፍ «ሁለት መቶ አሥራ አራት!» አሉ። ያኔ ከአንዱ ጎጆ ላባ የሌለው፣ እንደ ተላጠ ድንች ያለ ራስ ብቅ አለ። አስቀያሚ ነበር። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ተመለከቱት።

ከሦስት ቀን በኋላ ቦርዱ በስልክ ተሰበሰበ፤ ኃላፊው ሜትር ባለችበት የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሁለቱ ቅጾች ተነበቡ። የበሩ ጠጋኝ ጥገናው ለሌላ ጊዜ አይተላለፍም፣ በሩ ከቀጣዩ ዝናብ በፊት ካልተጠገነ ያሰጋል አለ። ሜትር የወንበሩን ክንድ ጨበጠች።

«አሥራ አራት ላይስ ብናቆምልህ?» አለች፣ ማንም ሳይጋብዛት። «ከመንገዱ በላይ አንድ ሜትር ውኃ ከተረፈ ቀበሮው አይሻገርም።»

ጠጋኙ አሰበ። «ጠላቂ ይዤ መሥራት ሊኖርብኝ ነው። ያደክመኛል እንጂ አይገድለኝም። ግን ውኃው የሚወርደው በአሮጌው ትንሽ በር ነው፤ እሱ ደግሞ ዝጋ ብለው እስኪዘጋ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። መቼ መዝጋት እንዳለብኝ በትክክል የሚነግረኝ ማን ነው?»

ሠላሳ አንድ ዓመት የሆነውን ነበር የምትናገረው። የሚሆነውን ተናግራ አታውቅም።

«እኔ» አለች።

በሩ ተከፈተ። ውኃው በየቀኑ ወረደ፤ ዳሩ ላይ ጭቃ፣ የድሮ አጥር ጉቶ፣ አንድ የተሰበረ ደረጃ ብቅ ብቅ አለ። ሜትር ጠዋት ብቻ ማንበቡን ትታ በየሰዓቱ ታነብ ጀመር። በሰባተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆማ ስልኩን አነሳች።

«ዝጋው።»

ኃላፊው ከኋላዋ ዳሩ ላይ ነበር። «እትዬ፣ ገና አሥራ አራት ከስምንት ሳንቲሜትር ነው እኮ! ጠጋኙ ውኃው በእያንዳንዷ ጣት እንዲወርድለት ይፈልጋል!»

«ውኃ እንደ ወጣት ነው፣ አለቃ፤ ቁም ሲሉት ሁለት እርምጃ ጨምሮ ነው የሚቆመው። ዝጋው ብያለሁ!»

ተዘጋ። ቀኑን ሙሉ ከምሰሶው አልተነቃነቀችም። ወንድሟ ዳቦና ሻይ አመጣላት፤ ሻዩ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። አሥራ አራት ከስድስት። ከአራት። ከሁለት። ማታ ላይ ከአንድ። ከዚያ ውኃው፣ ሊናገር ፈልጎ እንደተወ ሰው፣ እዚያው ላይ ጸጥ አለ።

በማግስቱ ንጋት ላይ ስትወርድ ብቻዋን አልነበረችም። ውኃው በሸሸበት፣ ቁልቁል በተገለጠው አስፋልት ላይ፣ አንድ ቀበሮ የነጩን መስመር መሀል ይዞ እንደ ባለ ርስት ይራመዳል። ውኃው ጋ ሲደርስ አልቆመም፤ ገባ። እስከ ጉልበቱ፣ እስከ ሆዱ። ከደሴቷ የባለከረጢቶቹ ጫጫታ ይመጣል። ቀበሮው ጆሮውን አቅንቶ ቆመ። ሜትርም ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ቆመች።

አንድ እርምጃ ጨመረ። እግሩ መሬት አጣ። ተንደፋድፎ ተመለሰ፣ ወጥቶ ተራገፈና ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«ጀልባ ፈልግ» አለችው።

ቀበሮው በመጣበት ተመለሰ፤ እርጥብ ዱካው ከቦቲዋ ዱካ ጎን ለጎን አስፋልቱ ላይ ቀረ። ሜትር ጎንበስ ብላ ምሰሶውን አነበበች፣ ጻፈች፣ ስልኩን አነሳች።

«አሥራ አራት ከአንድ።»

«አሥራ አራት ከአንድ» አለ የማዶው ድምፅ። «ተስማማን። እንዴት ነው ታዲያ፣ መጣ?»

«መጣ።»

«ነገም ይመጣል።»

ጫጩቶቹ ለመብረር ከሁለት ወር በላይ ይቀራቸዋል። ሜትር ከቦቲዋ ላይ ጭቃውን በድንጋይ እየፋቀች፣ ወደ ደሴቷ እያየች፣ «እኔም እመጣለሁ» አለች።