የእናቴ አፍንጫ በእብነ በረድ

ጥፋቱ የኔ ነው። በሱዳን ድንበር፣ ሸሕዲ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ ሮማውያን የማስተምርበት ሳምንት ደርሶ፣ ከኢንተርኔት ያወረድሁትን የእብነ በረድ ሬሳ ሣጥን ፎቶ ለአባቴ አሳየኋቸው። ለምን አሳየኋቸው? ሙቀቱ ነው። በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ እኛ አገር ሰው የሚያደርገውን አያውቅም።

ሣጥኑ የባለጸጋ ነው። ዙሪያውን አንበሳ የሚያድኑ ፈረሰኞች ተቀርጸውበታል። ክዳኑ ላይ ባልና ሚስት ግብዣ ላይ እንዳሉ ሁሉ ጋደም ብለዋል። የባልየው ጢም አንድ በአንድ ይቆጠራል። በሚስትየዋ ፊት ቦታ ያለው ግን ያልተጠረበ ድንጋይ ብቻ ነው።

አባቴ ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙት። ኮኪት ላይ ሰሊጥ ሲያርሱ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ዕቃ ሲያዩ መጀመሪያ የሚታያቸው ጉድለቱ ነው።

«የዚች ሴትዮ ፊት የት ሄደ?»

«ሳይሠራ ቀርቶ ነው፣ አባባ። ሣጥኑ ተሠርቶ ለገበያ ይቀመጣል፤ ቀራጩ ፊቱን የሚጨርሰው ገዢው ሲታወቅ ነው። የሷን የሚያስጨርስ ሰው ጠፋ።»

«ባሏ ምን ሆኖ?»

ያነበብሁት ጽሑፍ ስለ ባሏ ምንም አይልም። አባቴ ስልኩን መለሱልኝ። የእናቴ ሙት ዓመት ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። መቃብሯ ላይ የቆመው ገና የእንጨት መስቀል ነው። የእኛ ዋልካ መሬት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መስቀሉ ወደ ሱዳን ዘሟል።

በነጋታው አባቴ ወሰኑ። ድንጋይ ይቆማል፣ ድንጋዩ ላይ ፊቷ ይኖራል፣ ለሙት ዓመቷ የመጣ ሰው ሁሉ ያያታል። አባቴ ደግሞ አንድ ነገር ካሉ አሉ ነው፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ፎቶ ፍለጋ ገባን። አባቴ አሥራ አንድ ፎቶ አላቸው፤ አሥራ አንዱም የትራክተር ነው። ከፊት፣ ከጎን፣ ታጥቦ፣ ሳይታጠብ። በአንደኛው ጥግ ላይ የሴት ክርን ይታያል። የእናቴ ነው። የቀበሌ መታወቂያዋን አይጥ በልታዋለች፤ ቁጥሩን ትታ ፊቱን። እኔ ያነሣኋት ሦስት ፎቶ ነበር፣ ስልኩ መናኸሪያ ውስጥ ተሰረቀ። ሌባው የእናቴ ፎቶ አለው፣ እኔ የለኝም። እስካሁን ያናድደኛል።

መናኸሪያው አጠገብ ድንጋይ የሚቀርጽ ጎጃሜ አለ። ለሰሊጥ አጨዳ ነበር የመጣው፤ ወገቡ እምቢ ሲለው ወደ መቃብር ድንጋይ ዞረ። ደጁ ላይ መስቀልና ሐረግ የተቀረጸባቸው፣ የስም ቦታቸው ባዶ የሆነ ድንጋዮች ደርድሯል። በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ፈጠን ብሎ ነው የሚያልፈው።

አባቴን ይዤ ሄድሁ፤ ቀራጩ ካርቶንና እርሳስ ይዞ ተቀመጠ።

«ፎቶ ከሌለ ይንገሩኛ፣ ጋሼ። ዓይናቸው እንዴት ያለ ነበር?»

«ደኅና ነበር።»

«አፍንጫቸውስ?»

«ነበራት።»

ቀራጩ እርሳሱን አስቀመጠ። «ስንት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ?»

«ሠላሳ ስምንት» አሉና አንገታቸውን ደፉ።

በእነሱ ዘመን ባል ሚስቱን በሰው ፊት ትክ ብሎ አያይም፤ ነውር ነው። አባቴ በስሟ እንኳ ጠርተዋት አያውቁም፤ «እሷ» እንዳሉ ኖሩ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ ግን ተናደድሁ። ትራክተሩን ታጥቦና ሳይታጠብ ያስነሣ ሰው! ልናገራቸው አፌን ስከፍት በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ይችን እያየህ ሥራ። ቁርጥ እናቷን ናት።»

እናም በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ከነሕይወቴ፣ ለመቃብር ድንጋይ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ቆሞ ያያል። አንዲት ሴት አማትባ አለፈች።

ቀራጩ ሥሎ ሲጨርስ ካርቶኑን ለአባቴ ሰጣቸው። ካርቶኑን አንዴ አይተው ቀና አሉና እኔን አዩ። በሕይወቴ እንዲህ አድርገው አይተውኝ አያውቁም።

«አይደለም» አሉ። «የሷ አፍንጫ እዚህ ጋ ትንሽ ሰበር ይላል። ጆሮዋ ከዚህ ያንሳል። ግንባሯ ሰፋ ይላል፣ ከዚህ እስከዚህ።» ጣታቸው ሳይነካኝ በግንባሬ ላይ ሄደ። «ግራ ቅንድቧ ውስጥ ሽበት አለ፤ ሁለት ፀጉር።»

ሁለቱን ፀጉር እኔ አላውቃቸውም ነበር። አፈርሁ።

ቀራጩ እያጠፋ ይሥላል። «አፋቸውስ፣ ጋሼ?»

«ስትስቅ በነጠላዋ ትሸፍነዋለች።»

«ታዲያ እርስዎ በምን አወቁት?»

«ከጎኗ ነው የምቀመጠው» አሉ አባቴ። «ከጎን ይታያል።»