በአርማስ ዐይን ልክ የተሠራው ማማ

አርማስ ከአፉ ይልቅ በመላጊያው የሚናገር አናጢ ነበር፤ ይህም በፊንላንዷ የሩኮፔራ መንደር እንደ ምግባር እንጂ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። ዕድሜው ሰባ አንድ ነው። ቁመቱ ግን እንደ ወጣትነቱ ቀጥ ብሎ ስለ ቀረ፣ የሰው ቤት ሲገባ ዛሬም ጎንበስ ይላል።

የመንደሩ ማኅበር ከረግረጉ ዳር የወፍ ማያ ማማ እንዲሠራለት በጠየቀው ጊዜ ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ ሰነበተና «ይሁን» አለ። ማማ በእኛ ዘንድ ወፍ የሚባረርበት ነው፤ ሩኮፔራዎች ግን ወፏ ሳታያቸው ሊያይዋት ይወጡበታል።

«ለመንደሩ ነው የምሠራው» አለ። ውሸት ነበር። የሚሠራው ለታናሽ እህቱ ለቪዬኖ ነው። ቪዬኖ ከደቡብ የሚመለሱትን የዱር ዝይዎች አርባ አንድ ጸደይ ሙሉ አንድ በአንድ ቆጥራ በደብተር መዝግባለች። አምና ከቆጠራው በኋላ ጉልበቷ ከዳትና ጭቃውን ተሻግራ ወደ መቁጠሪያ ጉብታዋ መውጣት አቃታት፤ ዘንድሮ ሌላ ከፍ ያለ ቦታ ካላገኘች ቆጠራው ይቋረጣል። አርማስ ይህን ያውቃል። «ላንቺ ነው» ማለት ግን ከምላሱ አይወጣም፤ ስላልነገራትም ቁመቷን ሊለካ አልቻለም።

ጥበቡን ማንም አይነቅፍም። እንጨቱን ከፈራረሱ የድርቆሽ ጎተራዎች ሰበሰበ። የብስባሴ መከላከያ መርዝ አላስነካውም፤ ቅጥራን ብቻ ቀባው። በሚስማር ፋንታ በእንጨት ችካል አያያዘው፣ ያረጀው ሳንቃ ብቻውን ወልቆ እንዲተካ። ምሰሶዎቹን በመጋቢት በበረዶው ላይ ጎትቶ አመጣ፤ በረዶው ከቀለጠ በኋላ ከባድ ነገር ቢገባ የደንገሉን ሥር ይገድላልና። በደረጃም ፋንታ ቀስ እያለ ከፍ የሚል ተዳፋት መወጣጫ ሠራ። ለምን ቢሉት «ለጋሪ» አለ። በሩኮፔራ ወፍ ሊያይ በጋሪ የሚመጣ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ወፍ የሰው እንቅስቃሴ ካየች ትሄዳለች ብሎ ግድግዳውን ጥቅጥቅ አድርጎ ገጠመ፤ አንድ ጠባብ ማያ ክፍተት ብቻ ተወ። የት እንደሚሆን ለመወሰን ቀጥ ብሎ ቆመና የገዛ ዐይኑ በደረሰበት ላይ በእርሳስ አሰመረ። ሳይጠይቅ የሚሠራ በጎ ሐሳብ ግማሹ ትዕቢት ነው።

በሚያዝያ ማማው ተመረቀ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሲርካ አፍንጫዋን ከሳንቃው ስንዝር አርቃ ቆመች። ክፍተቱ ከራሷ በላይ ነው።

«እንዴት ነው?» አለ አርማስ።

«እህ» አለች ሲርካ። «ጥሩ ጥድ ነው።»

ቪዬኖም ከጎኗ ሆና ሳንቃውን በጥሞና ተመለከተች። «ጉጥ የለውም» አለች።

በሩኮፔራ ከዚህ በላይ ምስጋና አይሰጥም። አርማስ ጆሮው እስኪቀላ ተደሰተ።

በሦስተኛው ቀን ማማው ላይ አራት የቢራ ሳጥኖች ተደፍተው አገኘና ከታች የምታልፈውን ሲርካን ጠራ።

«ሲርካ! ማነው ማማዬን ግሮሰሪ ያደረገው?»

«ሳጥን ነው እንጂ ምን አለው? ሰው ይቀመጥበታል።»

«አግዳሚ ወንበር ሠርቼ የለም እንዴ?»

«ያንተ ወንበር ለሚቀመጥ ሰው ነው።»

«ሳጥኑስ?»

ሲርካ ሰማዩን አየች። «ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ።»

ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ አወረደ። ክፍተቱ ከሰው ዐይን በላይ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ጨዋነት ብለው የሸሸጉበት ግን ፍርሃት ነው።

በማግስቱ ማለዳ ዝይዎቹ ገቡ። አርማስ ወደ ማማው ሲወጣ ቪዬኖ ዐይኗን ጨፍና፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። በትከሻዋ በኩል አነበበ፦ «ሁለት መቶ ገደማ።»

በአርባ አንድ ዓመት ደብተር ውስጥ «ገደማ» የሚል ቃል ተጽፎ አያውቅም።

«ገደማ ማለት ምን ማለት ነው?»

«በድምፅ ነው የቆጠርኩት።»

«ዐይንሽን አመመሽ?»

«ዐይኔ ደህና ነው። ሳንቃህም ደህና ነው።»

አርማስ ጉልበቱን አጥፎ ወደ እርሷ ቁመት ዝቅ አለና ወደ ፊት ተመለከተ። የጥድ ሳንቃ አየ። ብዙ ጥድ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለመንደሩ ነው አልክ። እኔን መቼ ጠየቅከኝ?»

«ቁሚ።»

«ኧረ ተወኝ!»

«ቁሚ አልኩሽ። በእግር ጣትሽ አትንጠራሪ፤ አታታልይኝ።» በዐይኗ ትይዩ አሰመረ። «ሲርካ ካንቺ ስንት ታንሳለች?»

«አራት ጣት። እሷ ግን ሁለት ናት የምትለው።»

አራት ጣት ዝቅ አድርጎ ሌላ መስመር አሰመረና የእጅ መጋዙን አመጣ። ዝይዎቹ እንዳይደነግጡ ሥራውን ቪዬኖ መራችው፦ ሲንጫጩ ጣቷን ታነሣለች፣ እርሱ ይስባል፤ ዝም ሲሉ ታወርዳለች፣ እርሱም መጋዙን እንጨቱ ውስጥ እንደ ሰካ ይገተራል። ሃምሳ ዓመት ለሠራ አናጢ ውርደት ነው። ቁራጩ ሳንቃ የለቀቀው እኩለ ቀን ላይ ነበር፤ መሬት ሳይነካ በደረቱ ተቀበለው።

ቪዬኖ አቅራቢ መነጽሯን በአዲሱ ክፍተት አስገባች። አርማስ ሳንቃውን እንዳቀፈ ጥቂት ታገሠ፤ ከዚያ በላይ አልቻለም።

«ስንት ናቸው?»

«መቶ አርባ ሰባት ላይ ነበርኩ፣ አንተ ሰውዬ! አሁን ከአንድ ልጀምር ነው። አፍህን ያዝ።»

አርማስ አፉን ያዘ። በዚያ ዓመት ካደረጋቸው ዝምታዎች ሁሉ ተገቢው ይህ አንዱ ብቻ ነበር።