ቀይ ክርና አረንጓዴ ክር

እርጥብ ጨርቅ ላይ የቀረ የጌሾ ሽታ ዛሬም ድንገት ሲያገኘኝ፣ ሽማግሌነቴን ረስቼ ጣቶቼን ከኋላዬ እደብቃለሁ። በደርግ ጊዜ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ክረምቱ ገብቶ መውጫ ሲያሳጣን እናቴ የዱቄት ከረጢት ተርትራ፣ በፈላ ውሃ ቀቅላ፣ ዳሩን ሁለት ጊዜ አጥፋ ማጥለያ ትሰፋ ነበር። ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የጠላውን በቀይ ክር፣ ለኛ ለሙስሊሞቹ ደግሞ ቅሪቦ የምንለውን የማያሰክር የገብስ መጠጥ ማጥለያ በአረንጓዴ ክር ትዘመዝመው ነበር፤ ጠላ የነካው ጨርቅ ቅሪቦ ውስጥ ከገባ ሐራም ነውና።

ጨርቅም የሚጠረጠርበት ዘመን ነበር። አንድ የቀበሌ ጥበቃ አጥር ላይ የተሰጡትን አይቶ፣ ጠመንጃውን አስተካክሎ፣ «ይሄ ቀይና አረንጓዴ የምን ምልክት ነው?» አለ። እናቴ «ቀዩ የጠላ፣ አረንጓዴው የቅሪቦ» ብትለው አላመነም፤ እውነቱን ለማወቅ ሁለቱንም በየቤቱ ዞሮ ቀመሰና አንደኛውን ሦስት ጊዜ ደግሞ ሄደ።

ዝናቡ ሲያባራ እኔ፣ ጀግናው፣ እናቴ ለእህቴ ሠርግ ያስቀመጠችውን ትልቁን የቅሪቦ ማጥለያ ሰርቄ ዓሣ ላጠምድበት ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ዓሣውን ሳላየው ደንገሉ ጨርቁን ሸረከተው። ቅዳጁን ደብቄ ከረምሁና፣ ሠርጉ ሲቃረብ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘነበች አጥር ላይ የጠላ ማጥለያዋን አንስቼ፣ ቀዩን ክር ተርትሬ በአረንጓዴ ሰፋሁትና በተሰረቀው ቦታ አስቀመጥሁት። ስፌቴ ዶሮ ጭቃ ላይ የሄደችበት ይመስል ነበር፤ እኔ ግን ራሴን ከከተማው ልብስ ሰፊዎች ተርታ አሰለፍሁ።

ጥር ገባ። ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው እናቴ ማጥለያውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ብትነክረው የጌሾ ሽታ ቤቱን ሞላው። ክው አለች። ወሬው ከወጣ ድግሳችንን የሚቀምስ አይኖርም፤ እህቴም ሐራም ካጠጣ ቤት ወጣች ተብላ መሄዷ ነው። በንዴት ስፌቱን እንኳ ሳታይ «ዘነበች ናት! አዲሱን ወስዳ አሮጌዋን የተወችልኝ» አለችና የልብ ወዳጇን ለሥራ መጥራት ተወች። እትዬ ዘነበችም ማጥለያዋ ስለጠፋ እናቴን ጠርጥራ ኖሯል። ሁለቱ በአጥር ቀዳዳ ሲተያዩ፣ እኔም እትዬ ዘነበችን በክፉ ዓይን አያት ነበር፤ ሌባውም መርማሪውም እኔ!

በማግስቱ እትዬ ዘነበች አላስችል ብሏት መጣች።

«አንቺ፣ ምን በድዬሽ ነው ያለእኔ የምትደግሺው?»

እናቴ ማጥለያውን ወረወረችላት። እትዬ ዘነበች ገልብጣ አየችው።

«ጨርቁስ የኔ ነው። ስፌቱ ግን፣ እመቤቴን፣ ያንቺም የኔም አይደለም። ይሄን የሰፋው ፍየል ነው!»

እናቴ ወደኔ ዞረች። «አንተ! ና እስቲ ጣትህን።»

ጣቶቼ በመርፌ ተበሳስተው ወንፊት ሆነው ነበር።

እናቴ አልመታችኝም። ለሠርጉ ሸሚዝ ሊሰፋልኝ የተገዛውን አቡጀዴ አውጥታ፣ ዓይኔ እያየ ቆረጠችው፤ በአረንጓዴ ክር አዲስ ማጥለያ ሰፍታም ለእትዬ ዘነበች ዘረጋችላት።

«እንኪ፣ አንቺ አጥልዪልኝ።»

ለሥራ የመጣችው አክስቴ «ዛሬ እንኳ ጠላ ከነካ እጅ ብትጠነቀቂ ምናለ?» ብላ አጉረመረመች።

«ወላሂ፣ ጥንቃቄዬ እኮ እሷ ናት» አለች እናቴ።

ሠርገኛው ሁሉ ጠጣ፤ እኔም በተጣፈ ሸሚዜ ቅሪቦ ስቀዳ ዋልሁ።

ዛሬ የናይለን ማጥለያ ከገበያ እንገዛለን፤ ማን እንደ ሠራው አናውቅም፣ ማንንም አንጠረጥርበትም። ያኔ የከፋው ጎረቤት መጥቶ «ምን በደልሁ?» ይል ነበር። ዛሬ የከፋው ሰው ወዴት እንደሚሄድ እኔ እንጃ፤ የብረት በራችን ግን ሳይንኳኳ ይውላል።