እሁድ እሁድ ስለ ጀልባዋ

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን የሸኘችው ሐይቁ ዳር፣ የእንጨት ጀልባዋ ከታሰረችበት ግንድ አጠገብ ነው። ጠዋት ነበር። ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ስለ ራሱ አንድም ነገር ሳይተነፍስ፣ ስለ ጀልባዋ ብቻ ሲያወራ ቆየ። ሁለት ዓመት መርከብ ላይ ሠርቶ ይመለሳል፤ እስከዚያ ጀልባዋ እንዳትበላሽ።

"እትዬ፣ የእንጨት ጀልባን የሚገድላት ፀሐይ ነው፤ ውሃማ ቤቷ ነው" አላት። "ሳንቃው ከደረቀ ይሰነጠቃል። ሸራ አልብሻት። የዝናብ ውሃ ሆዷ ውስጥ ተኝቶ እንዳይከርም ደግሞ ቶሎ ቶሎ ቅጂላት፤ ያበሰብሳታል።"

እሷ እሺ አለች። እናታቸው ስታርፍ እሷ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፣ እሱ አሥራ ሦስት። በስፌት መኪናዋ አሳደገችው፤ ልጅ ሳለ ሱሪ እያሳጠረች፣ ሲረዝም ደግሞ ያንኑ ሱሪ እየቀጠለች። ከአንድ ጡረተኛ አጥማጅ ጀልባዋን ሲገዛም ከጎኑ ቆማ ነበር። እሱ እንደ ሌሎቹ መረብ አይጥልም። ጀልባዋን በሞተር፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት እየነዳ፣ ሁለት ረጃጅም ክሮች ከኋላው ይጎትታል፤ በክሮቹ ጫፍ ከማንኪያ ሆድ ቆርጦ የሠራቸው የሚያብለጨልጩ ማታለያዎች ከነመንጠቆአቸው ይርገበገባሉ። ትልቁ ዓሣ የሚሸሽ ትንሽ ዓሣ ይመስለውና ተከትሎ ይነክሳል። እሷ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ጀልባዋ ላይ የወጣችው ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ጥርሱን ሊያስነቅል እንደተቀመጠ ሰው ጠርዙን በሁለት እጇ ጨምድዳ።

ወንድሟ ከሄደ በኋላ ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ሆኖ ሳለ ሰፋባት። በሩ ስር ውሃ የሚያንጠባጥብ ቦት ጫማ የለም። ከውጭ ገብቶ ሰላም ከማለቱ በፊት የድስት ክዳን የሚከፍት ሰው የለም። ዳቦ ስትቆርጥ እጇ ሳይታዘዝ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ግማሹን መልሳ ትጠቀልለዋለች።

በየእሁዱ ከሰዓት በኋላ ይደውልላታል። ደህና ነሽ ይላታል፣ ደህና ነኝ ትለዋለች። አንተስ ትለዋለች፣ እኔም ይላል። ከዚያ ዝም ይባባላሉ። ሁለቱም የልባቸውን በአፋቸው ማውጣት የማይሆንላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሲተያዩ ችግር አልነበረም፣ በስልክ ግን ዝምታው ይከብዳል። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ "በይ እንግዲህ" ይላታል፤ እሷም ስልኩን ይዛ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ ስታይ ትቀራለች።

በአምስተኛው ወር አንድ እሁድ፣ ዝምታው ሲመጣ፣ ጀልባዋ ውሃ እያስገባች ነው አለችው።

ወንድሟ ነፍስ ዘራ። ከየት በኩል ነው? ከታች ነው ከጎን? ከስንተኛው ሳንቃ? ስታቆሚያት ነው ወይስ ስትነቃነቅ? እሷ አላየችም፤ ሄጄ አይቼ እነግርሃለሁ አለችው። በሚቀጥለው እሁድ አርባ ደቂቃ አወሩ። በመጀመሪያ ከውሃ አውጥታ ጥላ ስር በእንጨት ላይ እንድታስደግፋት፣ ከሳንቃዎቹ መገጣጠሚያ አሮጌውን ጥጥ በቀስታ እንድትፈለቅቅ፣ አዲሱን ጥጥ እንደ ገመድ አክርራ በደነዘ መሮ እንድትወትፍ ነገራት። "ግን አታጭቂው። እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ጥጡ ከበዛ ራሱ ሳንቃውን ይገፈትረዋል። ቦታ ተዪለት።" ከላይ ስቱኮ፣ ሲደርቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ሬንጅ።

ለዚህ ሥራ መሮና መዶሻ የተዋሰችው መንገዱን ተሻግሮ ካለው ሽማግሌ አናጢ ነው። አናጢው ከላይ እስከ ታች አያትና መርፌሽን ጥለሽ መሮ ያዝሽ እንዴ አላት። መርፌውማ አለ፣ ይቺኛዋ ደንበኛዬ ግን ልብሷ ሳይሆን ራሷ ናት የተተረተረችው አለችው። ሽማግሌው ሳቀና መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክንዶች እሱ ወተፈ፣ የቀረውን እሷ። ጥጥ አክርሮ በስፌት ውስጥ ማስኬድ ለእጇ አዲስ አልነበረም።

ጀልባዋ ውሃ ማስገባቷን አቆመች። የዚያን እሁድ ይህንን ነገረችውና ደስ አለው፤ ደስ ሲለው ጊዜ ግን የሚያወሩት አለቀ፤ "በይ እንግዲህ" መጣች። ልብስ ሰፊዋ ያኔ ገባት። ወንድሟን ስልኩ ላይ የምታቆየው ጀልባዋ ናት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቋን በጊዜ ዘግታ ሐይቁ ዳር ትወርዳለች፤ ለእሁድ የሚሆን ችግር ፍለጋ። የታች ቀለሙ ላይ አረንጓዴ ነገር በቅሏል ትለዋለች፤ በደረቅ ብሩሽ ሳይሆን ገና እርጥብ ሳለ ፋቂው ይላታል። ሞተሩ እያሳለ ነው የሚነሳው ትለዋለች፤ ካንዴላውን ፈትተሽ እዪው፣ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ በሽቦ ብሩሽ አጽጂው ይላታል። የማርሽ ኦሊዮው ወተት መስሏል ትለዋለች፤ እንግዲያው ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፣ የሞተሩን ክንፍ አውጥተሽ ከሥሩ የተጠመጠመ የዓሣ ክር ካለ ፈልጊ፣ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለውን ጎማ እሱ ነው የሚቆርጠው ይላታል። እውነትም ክር ነበረ። የነገራትን ሁሉ በስፌት ጠመኔ ከሱቋ መጋረጃ ጀርባ ግድግዳው ላይ ትጽፈዋለች። ደንበኞቿ ልብስ ሊለኩ መጋረጃውን አልፈው ሲገቡ "ጥጡን አታጭቂ" የሚል ያነባሉ።

ጀልባዋ ምንም ያልሆነችበት ሳምንትም አለ። ያኔ ልብስ ሰፊዋ ትዋሻለች። ሦስተኛዋ ሳንቃ የላላች መሰለኝ ትለዋለች።

ሁለቱ ዓመት አራት ሆነ። ውሌን አራዘሙት አላት፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ራሴ አራዘምኩት አላት። አንድ ቅዳሜ፣ የምትጠይቀው ሁሉ ከዳር ሆኖ የሚታየው ብቻ መሆኑ አበሳጫት፤ ሞተሩን አስነስታ ብቻዋን ወጣች። ጠርዙን መጨምደድ አልቻለችም፤ አንዱ እጇ መሪው ላይ ነው። አንዱን ክር ለቀቀችው። ምንም አልነከሰላትም፤ ቢሆንም ለእሁድ የሚሆን ሙሉ ወሬ ይዛ ተመለሰች።

ማጥመድን እንዲህ አስተማራት፤ ባሕር ላይ ሆኖ፣ በስልክ። መንጠቆውን በአውራ ጣትሽ ጥፍር ላይ ጎትቺው፤ ከተንሸራተተ ደንዟል፣ በሞረድ ሳትስዪው ውሃ ውስጥ እንዳትጥዪው። ክሩ ጫፉ ላይ ነው የሚጎዳው፤ በየሳምንቱ ሁለት ክንድ ቆርጠሽ ጣይና እንደ አዲስ እሰሪ። በክሩና በማንኪያው መካከል የምትሽከረከረዋን ቀለበት አትርሺ፤ ካለሷ ክርሽ ይጠማዘዝና የተፈታ ሹራብ ይመስላል። ቋጠሮውን ከማጥበቅሽ በፊት በምራቅሽ አርጥቢው። ይህንንስ ክር በምላስ ሳታረጥብ መርፌ ውስጥ አስገብታ ለማታውቅ ሴት መንገር አያስፈልግም ነበር።

"ቀጥ ብለሽ ብቻ አትንጂ" አላት አንድ እሁድ። "ታጠፊ። ስትታጠፊ የውጪው ክር ይፈጥናል፣ የውስጡ ይዘገይና ይሰምጣል። ዓሣው በየትኛው እንደነከሰ ልብ በዪ። በውጪው ከሆነ ፍጥነት ጨምሪ፣ በውስጡ ከሆነ ቀንሺ። ዛሬ ምን እንደሚፈልግ ራሱ ይነግርሻል።"

የመጀመሪያውን ትልቅ ዓሣ የያዘችው፣ ቅዳሜን መጠበቅ አቅቷት በወጣችበት አንድ ረቡዕ፣ በውስጠኛው ክር ነው። ክንዷን የሚያህል ዓሣ። ጀልባዋ ውስጥ ሲንደፋደፍ፣ ዞር ብላ ለማሳየት ሰው ፈለገች፤ ውሃ ብቻ ነበር። እሁድ እስኪደርስ አራት ቀን ቀርቶት ነበርና አራት ቀን ሙሉ ወሬውን በሆዷ ይዛ ዞረች።

በዘጠነኛው ዓመት ወንድሟ ለአሥራ ዘጠኝ ቀን መጣ። ወፍሯል፣ ጆሮው አካባቢ ሸብቷል። ገና ሻንጣውን ሳያስገባ ወደ ሐይቁ ወረደ። ጀልባዋን ዞሮ ዞሮ አያት፤ በመገጣጠሚያዎቿ ላይ ጣቱን አስኬደ፣ ሸራውን ገለጠ፣ ሳንቃውን በጥፍሩ ጫን ጫን አደረገ። አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና እንውጣ አላት።

እሱ መሪውን ያዘ፣ እሷ ክሮቹን ለቀቀች። ገና ሩቅ ሳይሄዱ በድንገት ጠመዘዘው፤ ሁለቱ ክሮች ተጠላለፉ፣ አንዱ የሞተሩ ክንፍ ላይ ተጠመጠመ። ቀስ፣ ሰፋ አድርገህ ነበር እኮ መታጠፍ ያለብህ አለችው። እንዲህ ማለቷ ለራሷም ገረማት። ሞተሩን አጥፍታ፣ ወደ ላይ አንስታ፣ በፒንሳ ክሩን ስትፈታ እሱ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ያያታል።

"እኔ እኮ ውሃ አላይም እትዬ" አላት።

"መርከብ ላይ ሆነህ?"

"ሥራዬ ታች ነው፣ ሞተሩ ክፍል። መስኮት የለውም። ሦስት ሳምንት ውሃ ሳላይ የምቀመጥበት ጊዜ አለ። አንቺ ስትደውይ..." ብሎ አቆመ። እሱ ነበር እኮ የሚደውለው። አላረመችውም። "ዛሬ ሐይቁ ምን ይመስላል ብዬ መጠየቅ ያሳፍረኛል። ስለ ሳንቃው ስትነግሪኝ ግን ይታየኛል። ሦስተኛዋ ሳንቃ እንዳልላላች አውቅ ነበር። አራት ጊዜ ላልታለች።"

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ሞተሩ አዙራ ሳቀች፤ ሳቁ ካበቃ በኋላ ግን ቶሎ ዞር ማለት አልቻለችም።

የቀረውን ያኔውኑ ነገራት። መርከቡ በሚያርፍበት አንድ ወደብ ሚስት አግብቷል። ነርስ ናት። ነፍሰ ጡር ናት። ከእንግዲህ ቤቱ እዚያ ነው። ይህንን በስልክ ለመናገር ስንት እሁድ ሞክሮ እንዳልሆነለት ነገራት። ጀልባዋን ሽጪያት፣ ለእኔ ብለሽ አትልፊ አላት።

ክሩን ፈትታ ጨረሰች፣ የተጎዳውን ቆርጣ ጣለች፣ ቋጠሮውን አርጥባ አሰረች። ዘጠኝ ዓመት ጥጥ የወተፈችው አንድ ቀን የሚመለስ ሰው አለ ብላ ነበር። ቅር አላት፤ ደስም አላት፤ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አቃታት። ሞተሩን ስታስነሳ መሪውን አልመለሰችለትም፤ እሱም አልጠየቀም። ማንኪያዎቹ ከኋላ እያብለጨለጩ እስከ ሸንበቆው ድረስ ሄደው ተመለሱ። ሁለት ዓሣ ያዙ። ሁለቱንም እሱ ነው የሳበው፤ እንዲስብ ተወችው።

አሥራ ዘጠኙ ቀን ሮጠ። ስትሸኘው፣ አንድ ነገር ልንገርህ አለችው፤ ጀልባዋን አልሸጥም፣ ለአንተ ብዬም አይደለም፤ ቅዳሜ የት ልሂድ? እሱ አንገቷን አቅፎ ቆየ። ሲለያዩ ትከሻዋ ላይ የጸጉር ዘይቱ ሽታ ቀረ፤ ያንን ሸሚዝ ሳታጥበው ስንት ቀን እንዳስቀመጠችው እሷ ናት የምታውቀው።

በሚቀጥለው እሁድ ሲደውል ስለ ጀልባዋ አልጠየቀችውም። ቤትህ ምን ይመስላል አለችው። ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። ከወጥ ቤቱ ጀምር አለችው። መስኮት አለው አላት። በመስኮቱ ምን ይታያል አለችው። እንዲህ እያለች፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ ሚስቱ ጫማዋን የት እንደምታወልቅ፣ አንድ በአንድ አወጣችው።

ሴት ልጅ ተወለደች። ልብስ ሰፊዋ ቀሚስ ልትሰፋላት ጨርቅ ገዝታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ መቀሱን አነሳችና መልሳ አስቀመጠች። በሕይወቷ ሙሉ ያልለካችውን ሰው ልብስ ቆርጣ አታውቅም። እሁድ ስልኩ ሲጮህ ሜትር አለህ ወይ አለችው። የለኝም አለ። ማንኛውንም ክር አምጣ፣ በደረቷ ዙሪያ አሳልፈው፣ አታጥብቀው፣ አንድ ጣትህ ይግባ፤ ከዚያ ክሩን ዘርግተህ በስንዝርህ ቁጠረው። የስንዝርህን ልክ እኔ አውቀዋለሁ።

"ቆይ፣ ትነቃነቃለች" አላት።

"ተዋት፣ ትነቃነቅ። ቀስ ብለህ።"

ከዚያ ማዶ ክር ሲሳብ፣ ወንድሟ ሲያባብል፣ ልጅቷ ደግሞ ልቅሶም ሳቅም ያልሆነ ድምፅ ስታወጣ ሰማች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች። ከሁለት ስንዝር ትንሽ ያንሳል አላት ወንድሟ።

ቀሚሱን በዚያው ሳምንት ሰፋችው። ልጅ ቶሎ ያድጋልና፣ ኋላ ተለቅቆ እንዲረዝም፣ ከግርጌው አራት ጣት አጥፋ ሰፋች። ወደ በሩ ወስዳ በብርሃን አየችው። ልጅቷ መቼ ትመጣ ይሆን፣ በእግሯ እየሄደች ይሆን፣ እያወራችስ ይሆን ብላ አሰበች። ተመልሳ ተቀመጠችና ጠርዙን ተረተረችው፤ ስድስት ጣት አድርጋ እንደገና አጠፈችው።