ለሁለት ሰው የሚሆነው ማባዣ

ይህን ለእናቴ አልነገርኩም። የንስሐ አባቴ ፊት ቆሜም ዋጥኩት። አንተ የምታነበው ግን አታውቀኝም፤ ስለዚህ ለአንተ ልናገር።

ወንድሜን ይልማን ወደ ጦር ሜዳ የላክሁት እኔ ነኝ። ስሙን የመዘገቡት ሌሎች ናቸው፤ መኪና ላይ ያሳፈሩትም ሌሎች ናቸው። የላክሁት ግን እኔ ነኝ።

ኮልፌ ውስጥ፣ በቀበሌያችን ንባብ ቤት አብረን እንሠራ ነበር። እሱ መጽሐፍ ያውሳል፤ እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ መዝገብ እይዛለሁ። ለንባብ ቤቱ የጽሑፍ ማባዣ ይገዛ ተባለና አይታችሁ ምረጡ ብለው እኛን ላኩን። ፒያሳ ካለ መደብር ሁለት ማሽን አየን። አንዱ በእጅ የሚዞር ነው፤ አንድ ሰው እጀታውን ሲያዞር ሌላው ወረቀቱን ይቀበላል። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ አንድ ሰው ይበቃዋል።

ፌርማታው ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ ይልማ፣ "የእጁን ነው የምንለው" አለኝ።

"አሮጌ ነገር ነው እኮ።"

"አሮጌ ይሁን። ሁለት ሰው ይፈልጋል። ገባህ?"

ገብቶኛል። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ደርሷል ይባል ነበር። ቀበሌው ለሥራው የግድ የሚፈልገውን ሰው አይልክም። ይልማ ያሰበው ሁለታችንም እንድንቀር ነው። እኔ ምን አሰብኩ? ሁለት ወንድማማቾችን ማን ያስቀራል አልኩ። የሚቀረው አንድ ነው፣ እሱም ሥራ አዋቂው ይልማ ነው አልኩ። በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩና ሻጩ የኤሌክትሪኩን አሠራር እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተማርኩ። ለይልማ አየር ጤና ጓደኛዬ ጋ ነበርኩ አልኩት።

የትኛው ይገዛ ለማለት በተጠራው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ይልማ ስለ እጅ ማሽኑ ተናገረ። መብራት ሲጠፋ እንኳ አይቆምም አለ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተስ ምን ትላለህ፣ ትንሹ ጓድ?"

ሰው ሳቀ።

"የኤሌክትሪኩ ይሻላል" አልኩ። "አንድ ሰው ይበቃዋል። እኔ እችልበታለሁ።"

እኔ እችልበታለሁ አልኩ። ይልማ ዞር ብሎ አየኝ።

በማሽኑ መጀመሪያ ያባዛሁት የተመልማዮችን ስም ዝርዝር ነው። ሰባተኛው ይልማ ነበር። ስሙ በየወረቀቱ እየወጣ ሲከመር አየሁ። ማሽኑን አላቆምኩትም። ምን ብዬ ላቁመው? ይልማ መጥቶ አንዱን አነሳና ወደ መስኮቱ አስጠጋው።

"ጥሩ አውጥቶታል" አለ። "ቀለሙን ግን ቀንስ፤ ወደ ጀርባው ያልፋል።"

ከዚህ ሌላ ወቀሳ ከአፉ አልሰማሁም። ያውቅ ነበር? እስከ ዛሬ ይህን እጠይቃለሁ። ቢያውቅም ባያውቅም የእኔ ሥራ ያው መሆኑን ግን አልስተውም።

መርዶው ዓመት ሳይሞላ መጣ። እናቴ ለቀስተኛው ሁሉ፣ "አንዱን እንኳ ያ ማሽን አተረፈልኝ" ትል ነበር። አንድ ቀን ንባብ ቤት ድረስ መጣችና በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችለት። አጠገቧ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። "እማዬ፣ ነጠላሽ በቀለም ይበላሻል" አልኳት።

ማረኝ አልልህም፤ ምሕረት ማግኘት ያለብኝ ከአንተ አይደለም። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ይልማም ልጅ ነበር። ፈርቼ ነው አልልም፤ እሱም ፈርቶ ነበር። ፈርቶ የፈለገው ግን ለሁለት ሰው የሚሆን ማሽን ነው።